የሲጂ ኮዴ በ16 ኮር 4.6፣ በ64 ኮር 70 ሚሊሰከንድ፤ ከዚህ ወደ ሱፐርኮምፒውተር ሥራስ እንዴት ይገባል?

ሰብለ_ግሪድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ አንዱ የኮድ፣ አንዱ የእንጀራ።

የኮዱ፦ የፖይሰንን እኩልታ በ1000 በ1000 ግሪድ ላይ፣ በአምስት ነጥብ ፋይናይት ዲፈረንስ (እያንዳንዱን ነጥብ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በሚያገናኝ ቀመር) ከፋፍዬ፣ በኮንጁጌት ግራዲየንት (ሲጂ፣ መልሱን በየዙሩ እያሻሻለ በሚሄድ ስልት) የሚፈታ ፕሮግራም በሲ++ እና በኤምፒአይ (ፕሮሰሶች መልእክት በሚለዋወጡበት ላይብረሪ) ጽፌያለሁ። ማትሪክሱ በሲኤስአር (ዜሮ ያልሆኑት ቁጥሮች ብቻ ከነቦታቸው በሚያዙበት ዘዴ) ተቀምጧል፤ ረድፎቹ ለፕሮሰሶቹ እኩል ተካፍለዋል። ማትሪክሱን ከማባዛቴ በፊት የፒ ቬክተርን (የሲጂን የፍለጋ አቅጣጫ) በኦልጋዘር፣ የሁሉንም ቁራጭ ሰብስቦ በሚያድለው ጥሪ፣ ለሁሉም ፕሮሰስ አደርሳለሁ። ያሉን 4 ማሽኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ 16 ኮር፣ አራት ቻናል ዲዲአር4-2666 ሚሞሪ፤ የሚያገናኛቸው ተራ የ1 ጊጋቢት ስዊች ነው። የአንድ ዙር አማካይ ጊዜ በሚሊሰከንድ፦

1 ኮር፦ 16
4 ኮር፦ 5.5
8 ኮር፦ 4.2
16 ኮር፦ 4.6
64 ኮር (4 ማሽን)፦ 70

አንጻራዊው ቅሪት (እኩልታው ለመሟላት የሚጎድለው) ከ10⁻¹² ሲያንስ ይቆማል፤ ወደ 3000 ዙር ይፈጅበታል። ማሽን በጨመርኩ ቁጥር ለምን ይባስ ይንቀረፈፋል?

የእንጀራው፦ ትምህርቴ ሒሳብ ነው፤ ማስተርሴ በቁጥራዊ ስሌት ነው። በትልልቅ የስሌት ማዕከላት የሒሳብ ሰው በእርግጥ ይፈለጋል ወይስ ቦታው ሁሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ነው? ምን ይዤ ልቅረብ?

ባይት_ቆጣሪ

እህቴ፣ ሒሳብሽ አልተሳሳተም፤ ጭነቱ ነው የበዛው። እስቲ ባይቱን እንቁጠረው።

1 ሚሊዮን ረድፍ፣ በረድፍ 5 ቁጥር። በሲኤስአር አንዱ ቁጥር 8 ባይት፣ ኢንዴክሱ 4 ባይት ይወስዳል፤ 60 ሜጋባይት ሆነ። የረድፍ መነሻዎቹ 4 ሜጋባይት ይጨምራሉ። አንድ ቬክተር 8 ሜጋባይት ነው። እንግዲህ ማባዛቱ ብቻ 64ቱን ያነባል፣ ፒን ያነባል፣ ውጤቱን ይጽፋል፤ 80። ሁለቱ ዶት ፕሮዳክቶች 16 እና 8። ሦስቱ የቬክተር ማደሻዎች እያንዳንዳቸው 24። ባጠቃላይ አንድ ዙር 176 ሜጋባይት ከሚሞሪ ያመላልሳል፤ የሚሠራው የመደመርና የማባዛት ሥራ ግን 20 ሚሊዮን ብቻ ነው።

አራቱ ቻናሎች በወረቀት 85 ጊጋባይት በሰከንድ ይሰጣሉ፤ በስትሪም፣ በሚሞሪ ፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም፣ ስትለኪው 70 አካባቢ ታገኛለሽ። 176 ሜጋባይት ለ70 ሲካፈል 2.5 ሚሊሰከንድ። ይህ የአንድ ማሽንሽ የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ምንም ያህል ኮር ብትጨምሪ ጊዜው ከዚህ አይወርድም። አንድ ቦኖ ላይ 16 ሰው ጀሪካን ይዞ ቢሰለፍ ውሃው አይጨምርም። ከ8 ኮር በኋላ ፍጥነቱ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከ2.5 እስከ 4.6 ያለው ትርፍ ጊዜና የ64ቱ ጉድ ግን የኦልጋዘር ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሙሉውን 8 ሜጋባይት ቬክተር እንዲይዝ አድርገሻል። በአንድ ማሽን ውስጥ 16 ጊዜ 8 ሜጋባይት ሚሞሪ ውስጥ ይጻፋል፤ ያ ራሱ ከጠባቡ ባንድዊድዝ (በሰከንድ ሊመላለስ ከሚችለው ባይት) ላይ ይቀነሳል። በአራት ማሽን ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር፣ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ወደ 8 ሜጋባይት ይጓዛል። 1 ጊጋቢት ማለት በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ 63 ሚሊሰከንድ ሄደ። የአንቺ 70 ከዚህ ጋር ቁጭ ብሎ ይገጥማል።

አንድ ፕሮሰስ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ግሪዱን በአግድም መስመሮች ከቆራረጥሽው፣ ከላይ ካለው ጎረቤት አንድ መስመር፣ ከታች ካለው አንድ መስመር፤ 1000 ቁጥር፣ ማለትም 8 ኪሎባይት ከየጎኑ። በቃ። የምትቀይሪው እንዲህ ነው፦

ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ከራሱ መስመሮች ላይና ታች አንድ አንድ የጎረቤት መስመር የሚያርፍበት ቦታ ጨምሪ። የኢንዴክስ ቁጥሮቹ የጠቅላላው ማትሪክስ ሳይሆኑ የየፕሮሰሱ የራሱ እንዲሆኑ ሲኤስአሩን አንድ ጊዜ እንደገና ቁጠሪ። በየዙሩ መጀመሪያ አይሪሲቮቹን (ሳይጠብቁ የሚቀበሉትን ጥሪዎች) ክፈቺ፣ ቀጥሎ አይሴንዶቹን (ሳይጠብቁ የሚልኩትን)፣ ከዚያ የጎረቤት ቁጥር የማያስፈልጋቸውን የውስጥ ረድፎች አባዢ፣ ዌይትኦል (ሁሉም መልእክት እስኪያልቅ መጠበቂያው)፣ መጨረሻ ላይ የዳር ረድፎቹን። በቲሲፒ ላይ መልእክቱ ከስሌቱ ጎን ለጎን ይጓዛል ብለሽ አትተማመኚ፤ ብዙ ጊዜ ላይብረሪው የሚንቀሳቀሰው ስትጠሪው ብቻ ስለሆነ ማባዣው መሃል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ቴስት (መልእክቱ ማለቁን የሚፈትሸውን ጥሪ) ጣል አድርጊ።

ተራውን ሴንድና ሪሲቭ ተጠቅመሽ ሁሉም «መጀመሪያ ወደ ላይ ልላክ» የሚል ቅደም ተከተል ግን አትጻፊ። መልእክቱ ትንሽ ሲሆን ይሠራል፤ ግሪዱ ሲያድግና መልእክቱ ከላይብረሪው የትንሽ መልእክት ወሰን ሲያልፍ ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሰንሰለት ይሆናል፤ ዳሩ ቀለበት ከሆነማ (የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፕሮሰስ ጎረቤት ከሆኑ) ጭራሽ ይቆማል። ይህ ዓይነቱ ስህተት በትንሽ ሙከራ አይታይም፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው።

ከተስተካከለ በኋላ የምትጠብቂው፦ ሚሞሪው 176 ለ4 ሲካፈል ለ70፣ 0.63 ሚሊሰከንድ። የመስመር ልውውጡ 0.2 ገደማ። ሁለቱ ኦልሪዲዩሶች (የየፕሮሰሱን የዶት ፕሮዳክት ድምር የሚያጠቃልሉት ጥሪዎች)፣ በተራ ኢተርኔት አንድ ጉዞ 50 ማይክሮሰከንድ ቢወስድና አራት ማሽን ሁለት እርምጃ ቢፈልግ፣ ሁለቱም ተደምረው 0.2። ድምር 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ። በኢንፊኒባንድ፣ በሱፐርኮምፒውተሮች ፈጣን ኔትወርክ፣ ቢሆን አንዱ ጉዞ 1 ወይም 2 ማይክሮሰከንድ ስለሚሆን የኔትወርኩ ድርሻ ከነመኖሩም ይረሳ ነበር።

ቪ_ሳይክል

ባይት ቆጣሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሁላችንም ማሽኑን እያፈጠንን ትልቁን ጥፋት ዘለልነው። 3000 ዙር!

የዚህ ማትሪክስ ኮንዲሽን ቁጥር (የትልቁና የትንሹ አይገንቫልዩ ውድር) 4 ለ(π²h²) ነው፣ h በግሪዱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ሆኖ፤ ለ1000 ግሪድ 400,000 ገደማ። የሲጂ ዙር ብዛት ከዚህ ቁጥር ካሬ ሥር ጋር ያድጋል፤ ስለዚህ ግሪዱን በየአቅጣጫው እጥፍ ብታደርጊው ያልታወቁት 4 እጥፍ፣ ዙሩ 2 እጥፍ፣ ሥራው 8 እጥፍ ይሆናል። መልቲግሪድን (ችግሩን እየሳሱ በሚሄዱ ግሪዶች ላይ የሚፈታ ስልት) ፕሪኮንዲሽነር (ሲጂ ቶሎ እንዲጨርስ ችግሩን የሚያቀል) ብታደርጊለት ዙሩ ወደ 10 ይወርድና ግሪዱ ቢያድግም እዚያው ይቆያል። አንዱ ዙር ከተራው ሲጂ 8 እጥፍ ቢከብድ እንኳ 80 ዙር እንደማለት ነው፤ ከ3000 አንጻር 37 እጥፍ ተቆጠበ፣ ያውም አንድም ማሽን ሳይጨመር። የሒሳብ ሰው ደመወዙን የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ሲጂን ሄስተንስና ሽቲፈል ያወጡት በ1952 ነው፤ ዛሬም በየማዕከሉ ይሮጣል፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ 10⁻¹² ለምን? የአምስት ነጥቡ ቀመር ስህተት በh² ይሄዳል፤ አንቺ ጋ 10⁻⁶ አካባቢ ነው። የእኩልታ ሥርዓቱን ከዚያ በታች ስድስት አሃዝ ጠልቀሽ መፍታት መልሱን አንዲት ነጥብ አያሻሽለውም። መልሱ በእጅ የሚታወቅ ችግር ውሰጂ፤ ሳይን πx ሳይን πy ለዚህ ይበቃል። የቀኙን ጎን ከእሱ አውጪ፣ በ250፣ በ500 እና በ1000 ግሪድ ፍቺና ትክክለኛውን ስህተት ለኪ። በየእጥፉ ስህተቱ 4 እጥፍ ካልቀነሰ ዳሩ ላይ ስህተት አለ። ከዚያ ማቆሚያውን እያላላሽ ስህተቱ መበላሸት የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጊና ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብለሽ አቁሚ። ሳይን ግን የማትሪክሱ የራሱ አቅጣጫ (አይገንቬክተር) ስለሆነ ሲጂ በአንድ ዙር ይጨርሰዋል፤ ዙር ለመቁጠር ሌላ የቀኝ ጎን ተጠቀሚ። ብዙ ሰው «ኮዴ ተአምር ሠራ» የሚለው በዚህች ነው።

መልቲግሪዱን ራስሽ አትጻፊው። ፔትሲን፣ የእኩልታ መፍቻ ላይብረሪውን፣ ጫኚ፤ ሲጂውን ከኬኤስፒ (ከመፍቻዎቹ ክፍል)፣ ፕሪኮንዲሽነሩን ጋምግ ወይም በሃይፐር ላይብረሪ በኩል ቡመር ኤኤምጂ (ሁለቱም መልቲግሪድ ናቸው) አድርገሽ በትእዛዝ መስመር ብቻ ትመርጫለሽ። ጀማሪን የሚጥሉት ነባር ምርጫዎቹ ናቸው። ምንም ካላልሽው የሚሮጠው ሲጂ ሳይሆን ጂኤምሬስ የሚባል ሌላ ስልት ነው፣ በየ30 ዙሩ እንደገና እየጀመረ። ፕሪኮንዲሽነሩም በፕሮሰስ ቁጥር ልክ የተቆራረጠ ብሎክ ጃኮቢ (እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ቁራጭ ብቻ የሚያይበት) ነው፤ ፕሮሰስ ስትጨምሪ ዙሩ ይጨምርና «ስኬሊንግ የለም» ትያለሽ። የማቆሚያው ነባር ወሰን 10⁻⁵ ነው። ከሁሉም የሚብሰው፣ ሲገነባ ዲበጊንግ (የስህተት መፈለጊያው) ካልተዘጋ እየተንቀራፈፈ ይሠራል፤ በዚያ ግንባታ የተለካ ጊዜ ለማንም አይታይም። ሎግ ቪው የሚለውን አማራጭ ብታበሪው ጊዜው በየትኛው ክፍል እንደሄደ፣ ስንት መልእክትና ስንት ሪዳክሽን እንደነበረ በሰንጠረዥ ያወጣልሻል።

ባይት_ቆጣሪ

እውነት ነው። አንድ ግን፦ የራስን ኮድ አንዴ መጻፍ ኪሳራ አይደለም። ኦልጋዘርን በእጁ ጽፎ ያልተቃጠለ ሰው የፔትሲን ሰንጠረዥ ማንበብ አይችልም። ጽፎ ማየት፣ መለካት፣ ከዚያ መጣል።

ጂፒዩ ላይ እናድርገው የሚል እንዳይመጣ ደግሞ ከወዲሁ፦ ኤ100 የሚባለው ጂፒዩ፣ ባለ80 ጊጋባይቱ፣ በሰከንድ 2 ቴራባይት ያነባል፤ የአንቺ ዙር 0.09 ሚሊሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ግን መልቲግሪዱ ወደታች ሲወርድ ግሪዱ 500፣ 250፣ 125 እያለ ያንሳል፤ ታችኞቹ ደረጃዎች ላይ ስሌቱ ከከርነል (ጂፒዩው ላይ ከሚሮጠው ተግባር) ማስጀመሪያው ጥቂት ማይክሮሰከንድ ያነሰ ይሆንና ጂፒዩው ባዶውን ይቀመጣል። ለ1 ሚሊዮን ያልታወቁ አይገባም፤ ለ100 ሚሊዮን ይገባል።

ሰብለ_ግሪድ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ኦልጋዘሩን አውጥቼ በመስመር ልውውጥ ተካሁት። 16 ኮር 2.7 ሚሊሰከንድ፤ 64 ኮር 1.7። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ በ16 2998 ዙር፣ በ64 3001 ዙር ፈጀ፤ የቅሪቱ ቁጥሮችም መጀመሪያ ላይ እኩል ሆነው እየቆዩ ይለያያሉ። ስህተት አለ ማለት ነው? ሁለተኛ፣ 1 ይጠበቃል ተብሎ 1.7 ለምን?

ባይት_ቆጣሪ

የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ሀ ሲደመር ለ፣ ከዚያ ሐ፣ ለ ሲደመር ሐ፣ ከዚያ ሀ ጋር እኩል አይደለም፤ በየመደመሩ 10⁻¹⁶ አካባቢ ይቆረጣል። 16 ፕሮሰስ ድምሩን በአንድ ቅደም ተከተል፣ 64ቱ በሌላ ያጠናቅሩታል። ሲጂ ደግሞ በየዙሩ ያቺን ልዩነት ያራባል። ሦስት ዙር ልዩነት ደህና ነው። 50 ዙር ቢሆን፣ ወይም የመጨረሻው መልስ ራሱ ከ10⁻⁸ በላይ ቢለያይ ግን የጎረቤት መስመር ሁለት ጊዜ ዶት ፕሮዳክት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ የተለመደው ጥፋት እሱ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሁሉም ቁጥሩ 1 የሆነ ቬክተር ከራሱ ጋር አባዢ፤ በየትኛውም የፕሮሰስ ብዛት በትክክል 1,000,000 መውጣት አለበት።

ሁለተኛውን በአራቱም ማሽን ላይ ስትሪምን ለየብቻ አስሩጪና ንገሪን። ኦልሪዲዩስ የሚጠብቀው የመጨረሻውን ነው፤ አንድ የሚያዘግም ማሽን አራቱንም ያዘገማል።

ሰሜን_ኖድ

ስለ ሥራው ጥያቄ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር።

የሒሳብ ሰው ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ከላይ የተጻፈው ነው። ፉጋኩ የሚባለው የጃፓኑ ማሽን ኮቤ ውስጥ ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ማትሪክስ በሚለካው ኤችፒኤል 442 ፔታፍሎፕስ (አንዱ በሰከንድ 10¹⁵ ስሌት ነው) አስመዝግቧል። በኤችፒሲጂ፣ ማለትም የአንቺን ኮድ በሚመስለው መለኪያ፣ 16 ፔታፍሎፕስ ነው፤ 3.6 ከመቶ። በዚህ ረገድ ከፉጋኩ የባሱ ትልልቅ ማሽኖች አሉ። ቀሪውን 96 ከመቶ ሃርድዌር አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ባይትና መልእክት የሚቀንስ ስልት ነው። ለምሳሌ ክሮኖፖሎስና ጊር በ1989 ሁለቱን ዶት ፕሮዳክቶች ወደ አንድ ኦልሪዲዩስ የሚያጠቃልል ሲጂ አወጡ፤ ጊሰልስና ቫንሩስ በ2014 ያንኑ ኦልሪዲዩስ ከማባዛቱ ጀርባ ደበቁት። ዋጋው ደግሞ የተሰላው ቅሪት ከእውነተኛው ቅሪት ቀስ በቀስ መራቁ ነው፤ አልፎ አልፎ እውነተኛውን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ይህን ትርፍና ኪሳራ ማመዛዘን የሚችለው የቁጥራዊ ሒሳብ ሰው ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ፍጥነቱን ያያል፣ መራቁን ግን ላያይ ይችላል።

ቦታዎቹ፦ የምርምር ማዕከላት ውስጥ ስልት የሚነድፉና ላይብረሪ የሚጽፉ አሉ፤ ፔትሲ ከአርጎን፣ ሃይፐር ከሎረንስ ሊቨርሞር፣ ትሪሊኖስ (ሌላው የመፍቻ ላይብረሪ) ከሳንዲያ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች፣ የወጡ ናቸው። እዚያ መግቢያው ብዙውን ጊዜ ዶክትሬት፣ ከዚያ ፖስትዶክ ነው። በስሌት ማዕከላት ደግሞ የተጠቃሚዎችን ኮድ የሚያፋጥኑ ሰዎች አሉ፤ ማስተርስ ለዚህ ይበቃል፣ ፉክክሩም ይቀላል። የጂፒዩና የፕሮሰሰር አምራቾች የራሳቸውን የሒሳብ ላይብረሪ የሚጽፍ ቡድን አላቸው። የአየር ትንበያው አለ፤ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ማሽኖቹን ቦሎኛ ላይ ነው ያስቀመጠው። እዚህኛው መንገድ የምትገቢ ከሆነ ፎርትራን አትናቂ፤ የትንበያ ሞዴሎቹ አብዛኛው ክፍል በእሱ ነው።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ዜግነት ቀድሞ የሚታይ ነገር ነው። የአሜሪካው ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የስሌት ሳይንስ ፌሎሺፕ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ሊቨርሞር ውስጥ ብዙ ቦታ የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያ ዜግነት ግድ ነው። አርጎን፣ በርክሌይና ኦክ ሪጅ ክፍት የምርምር ቦታዎቻቸው ላይ የውጭ ዜጋ ይቀጥራሉ። ጣሊያን ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) እዚያው ካለው የምርምር ተቋም ከሲሳ ጋር ሆኖ ከ2014 ጀምሮ በሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል፤ ለአንቺ መነሻ ሊሆን የሚችል ይህ ነው፤ የዓመቱን የማመልከቻ ቀንና የድጎማ ሁኔታ ከገጻቸው እይ።

ይዘሽ የምትቀርቢው፦ የኮርስ ዝርዝር አይደለም። አንድ በጊት የተቀመጠ ኮድ፣ ከነመገንቢያውና ከነሙከራው፤ ከዚያ ሁለት ስዕል። አንዱ ችግሩ ሳያድግ ኮር ሲጨመር፣ ሌላው ችግሩና ኮሩ አብረው ሲያድጉ። ስዕሉ ላይ የተለካውን ብቻ ሳይሆን ባይት ቆጣሪ እንዳደረገው ከባንድዊድዝ የተሰላውን ጣሪያ በሁለተኛ መስመር አስምሪ። የእያንዳንዱን ልኬት ቢያንስ አምስት ጊዜ ደግመሽ ዝቅተኛውንና መካከለኛውን (ሚዲያኑን) ጻፊ፤ አማካይ ብቻውን ሌላ ተጠቃሚ ማሽኑን ሲነካ ያሳስታል። በ1 ኮር የሚለካው ደግሞ ምርጡ የ1 ኮር ኮድ ይሁን፤ ሆን ተብሎ ከቀዘቀዘ መነሻ የተሠራ «60 እጥፍ ፈጠነ» ለሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ይህ መስመር እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ? አሁን ያንን መመለስ ጀምረሻል።

ፊውዝ

የመብራቱን ነገር ማንም አላነሳም። ትንሽ ክላስተር ላይ ረጅም ስሌት ከተሠራ ቼክፖይንት (ስሌቱን ከመሃል ለመቀጠል በየጊዜው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ) ግድ ነው። ስንት ጊዜ አንዴ? ያንግ በ1974 ያወጣው ቀመር ይበቃል፦ 2 ሲባዛ በመጻፊያ ጊዜ ሲባዛ በሁለት መቋረጥ መካከል ባለው አማካይ ጊዜ፣ ከዚያ ካሬ ሥር። ለመጻፍ 30 ሰከንድ የሚፈጅና በየ8 ሰዓቱ የሚቋረጥ ቢሆን 1314 ሰከንድ፣ 22 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ለሲጂ ኤክስን (መልሱን)፣ አርን (ቅሪቱን)፣ ፒንና የቅሪቱን ዶት ፕሮዳክት አስቀምጪ፤ ኤክስን ብቻ ካስቀመጥሽ መቀጠል ይቻላል ግን ፒዎቹ ያጠራቀሙት አቅጣጫ ይጠፋና ዙር ይጨምራል። በአሮጌው ፋይል ላይ አትጻፊ፤ በሌላ ስም ጽፈሽ ሲያልቅ ስሙን ቀይሪ። መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ፋይሉ ግማሽ ሲሆን ነው።

ሰብለ_ግሪድ

ስትሪም በየማሽኑ፦ 68፣ 69፣ 67 እና 35 ጊጋባይት በሰከንድ። አራተኛውን ማሽን በዲኤምአይዲኮድ (የማሽኑን ሃርድዌር በሚዘረዝረው ትእዛዝ) አየሁት፤ የሚሞሪ ካርድ የተሰካው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አራት አራት አላቸው።

ባይት_ቆጣሪ

ተገኘ። ሁለት ቻናል ግማሽ ባንድዊድዝ ነው፤ 44 ሜጋባይት ለ35 ሲካፈል 1.26፣ ከኔትወርኩ 0.4 ጋር 1.7። ካርዱ እስኪገዛ ድረስ ረድፉን እኩል አታካፍዪ፤ በባንድዊድዙ ልክ አካፍዪ፦ 285፣ 289፣ 280፣ እና ለአራተኛው 146 የግሪድ መስመር። 1.15 አካባቢ ይወርዳል። ካርዶቹን ስትገዙ ከነባሮቹ ጋር በመጠንም በፍጥነትም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የተደባለቁ ከሆነ ሁሉም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚሮጡት።